ትንሿን ስኩተር የራስ ማድረግ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «ከሁለት ሳምንት በፊት ያገለገለች ባለ 50 ሲሲ ስኩተር ገዛሁ። ባለ ካርቡራተር ናት፣ ባለ አራት ስትሮክ፣ ጎማዋ 10 ኢንች። ቀለሟ ወይቧል፣ መቀመጫዋ ተቀዷል፣ ከቆመችበት ስትነሳ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ግን ወድጃታለሁ። ጓደኞቼ ‹መጫወቻ ናት፣ ገንዘብሽን አታባክኚ› ይሉኛል። መልኳንም ጉልበቷንም መቀየር እፈልጋለሁ። ልፋቱ ያዋጣል? ከየትስ ልጀምር?»

መልስ፦

ልፋቱ ያዋጣል እህቴ። ስትሸጫት ግን ያወጣሽበትን አታገኚም፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው። አዲስ ቀለም ቀብተሽ፣ መቀመጫ አሰፍተሽ፣ ጎማ ቀይረሽ ብትሸጫት ገዢው የሚከፍልሽ የአንድ ያገለገለች 50 ሲሲ ዋጋ ነው። የምታተርፊው ሌላ ነገር ነው። ከላይ እስከ ታች የምታውቂው፣ ፈትተሽ የምትገጥሚው፣ ድምፁ ሲለወጥ ምን እንደሆነ የሚገባሽ ማሽን ይኖርሻል። ዛሬ እንዲህ ያለ ማሽን ብዙ ሰው እጅ ላይ የለም። ስኩተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ትልልቅ ሞተር ሳይክልም እሠራለሁ። ሥራው እስኪያልቅ አጠገቤ ቆሞ «ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ?» የሚለኝ ግን ሁልጊዜ የትንሿ ስኩተር ባለቤት ነው።

«መጫወቻ ናት» ለሚሉሽ ጓደኞችሽ አንድ ታሪክ ንገሪልኝ። ፒያጆ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ፋብሪካው በቦምብ ፈርሷል፣ አውሮፕላን የሚያዝም የለም። የኩባንያው ኃላፊ ኤንሪኮ ፒያጆ ማንም ሰው በቀላሉ የሚነዳው ነገር ፈለገና ሥራውን ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፤ ሄሊኮፕተርም ሠርቷል። ሞተር ሳይክል ግን አይወድም ነበር። ልብስ ያቆሽሻል፣ ሰንሰለቱ ያስቸግራል፣ ጎማው ሲተነፍስ መፍታቱ መከራ ነው ይል ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ሸፈነው። ሰንሰለቱን አስቀርቶ ሞተሩን ከኋላ ጎማው ጎን አስቀመጠው። የፊት ጎማውን ደግሞ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ ያዘው፤ ጎማ መቀየር ቀላል እንዲሆን። የባለቤትነት መብት ማመልከቻው ፍሎረንስ ላይ የገባው ሚያዝያ 23 ቀን 1946 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሞተሯ 98 ሲሲ ነበር። ስሟን ቬስፓ አሏት፤ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው።

አንቺ እግርሽን የምታሳርፊበት ጠፍጣፋ ወለል፣ ጉልበትሽን ከጭቃ የሚከልለው ጋሻ፣ ቀሚስም ሱሪም ለብሰሽ የምትቀመጪበት አቀማመጥ፣ ሁሉም በዚያች ቬስፓ የታወቁ ናቸው። ይህን ያሰበው ጭንቅላት የመጫወቻ ሠሪ ጭንቅላት አልነበረም።

ስኩተርን እንደ ራስ አድርጎ ማስጌጡም አዲስ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ «ሞድስ» የሚባሉት የእንግሊዝ ወጣቶች ቬስፓቸውንና ላምብሬታ የሚባለውን ሌላውን የጣሊያን ስኩተር ከፊት በስፖኪዮና በመብራት ይሞሉት ነበር። በ2001 ደግሞ ሆንዳ ዙመር የሚላትን ባለ 49 ሲሲ አወጣ። ሽፋን ብሎ ነገር የላትም፤ ከመቀመጫዋ ሥር ባዶ የብረት ቱቦ ነው። ገዢዎቿ ወዲያው ያስረዝሟት፣ ዝቅ ያደርጓት፣ ትልቅ ሞተር ይገጥሙላት ጀመር። ያንቺም ምኞት ከዚሁ ወገን ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

የመጀመሪያውን ወር ምንም አታስጊጪ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይከፋዋል፤ ደስታውን ያስቀረሁበት ይመስለዋል። ግን ያገለገለች ስኩተር ስትገዢ የሌላ ሰው ልማድና ቸልተኝነት አብሮ ነው የሚመጣው። የቀድሞው ባለቤት ዘይት መቼ እንደቀየረ አታውቂም። ፍሬኗ ሲያዝ ወደ ጎን የምትስብ ስኩተር ላይ ያማረ ቀለም ብትቀቢ፣ ያማረች አደገኛ ስኩተር ነው የሚኖርሽ። መጀመሪያ ጤናማ ሆና ፋብሪካው እንዳሰባት ስትሄድ እያት። ያኔ የጎደላትና የማይጎድላት ይለይልሻል። ደግሞ ልንገርሽ፣ ከሰርቪስ በኋላ «ጉልበቷ አነሰኝ» ይለኝ የነበረ ሰው ግማሹ ሐሳቡን ይቀይራል።

ከጎማው ጀምሪ። ጎኑ ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ተርታ አለ፤ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥሮች ታገኛለሽ። 2319 ከሆነ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም ያረጃል። ጎማው ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። ባለ 10 ኢንች ጎማ ትንሽ ስለሆነ ትልቁ ጎማ ዘሎት የሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የሚይዘውም አየር ጥቂት ነው፤ ትንሽ ስትቀንስ ወዲያው አያያዙ ይለወጣል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ ገና ሳትነጂያት፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኪው። ጎማ ስትቀይሪ ልኩን ከአሮጌው ላይ አንብቢ። 100/90-10 ማለት ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 90 በመቶ፣ ቸርኬው 10 ኢንች ነው። «ሰፋ ያለ ያምራል» ብለሽ በዘፈቀደ አትግዢ። ከኋላ በኩል ጎማው ከሞተሩ ቤት ጋር ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፣ ሊታከክ ይችላል።

ጥሩ ጎማ የተቀየረላት ስኩተር ሌላ ስኩተር ነች። ኩርባ ላይ ስትገቢ ይታወቅሻል። ከሁሉ በፊት ገንዘብ አውጪበት የምለው ይኸንን ነው።

ፍሬኑ ላይ አልቆይም። ከፊት ዲስክ ከሆነ የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየራል። ከኋላ ከበሮ ከሆነ የፍሬን ሸራው ማለቁን ተመልከቺ፣ ገመዱንም አስተካክዪ። የሞተር ዘይቷ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ትንሽ ዘይት ቶሎ ይቆሽሻል፤ ከመኪና ጋር አታወዳድሪው። ከኋላ ጎማው አጠገብ ያለው የማርሽ ቤት ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። መቶ ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ ሰውም ይረሳዋል። ለሁለቱም ትክክለኛውን ልክ ከመመሪያው ውሰጂ። ካንዴላውን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረውን፣ ፍቺና ጫፉን እዪ። ቀላል ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ነጭ ሆኖ ከነደደ ቤንዚን ያንሳታል። የቫልቭ ክፍተትም አለ፤ ቫልቭ አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት የሞተሩ በር ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ነው የሚለካው። ጠዋት ጠዋት እምቢ የምትል ስኩተር ብዙ ጊዜ በሽታዋ ይኸው ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ግፊቱ ያመልጣል። ቀጭን የክፍተት መለኪያ ቅጠልና ትዕግሥት ይበቃሻል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጧ እንምጣ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ የስኩተር ዋናው ምሥጢር ያለው እዚህ ነው። ጉልበት መቀየር የሚጀመረውም ከዚሁ ነው።

በግራ በኩል ያለውን ረጅም ሽፋን ስትከፍቺ አንድ ሰፊ የጎማ ቺንጊያ ሁለት መዘውሮችን አያይዞ ታያለሽ። የፊተኛው ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ ቫሪየተር ይባላል። ሁለት ፊት አለው፣ ቺንጊያው በመካከላቸው ይሮጣል። ከአንደኛው ፊት ጀርባ ስድስት ትንንሽ ሮለሮች ተቀምጠዋል። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ሮለሮቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉ። ሲሸሹ ፊቱን ይገፉታል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ቺንጊያው ወደ ላይ ይወጣል። ከኋላ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። በጠንካራ ሞላ የተያዘው መዘውር ይከፈትና ቺንጊያው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ስትነሺ ፊት ትንሽ፣ ኋላ ትልቅ ነበር። ስትፈጥኚ ፊት ትልቅ፣ ኋላ ትንሽ ሆነ። ማርሽ ሳትነኪ ማርሹ ተቀየረልሽ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በጣት የሚያዙ ስድስት ሮለሮች ናቸው። ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት አላውቅም፣ ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል።

ከኋለኛው መዘውር ጋር ፍሪሲዮኑ አለ። ሦስት ጫማዎች በትንንሽ ሞላ ተይዘዋል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ተሰብስበው ይቀመጣሉ፣ ስኩተሯም ትቆማለች። ቤንዚን ስትሰጪያት ጫማዎቹ ይከፈቱና የከበባቸውን ብረት ቤት ይይዛሉ፤ ያኔ ትንቀሳቀሳለች። ያንቺዋ የምትንቀጠቀጠው ብዙውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። የጫማዎቹ ፊት ከሙቀት የተነሳ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ መያዝና መልቀቅ ያበዛል። ወይም አቧራ ገብቷል። ፍቺው፣ ጫማዎቹን በአሸዋ ወረቀት ቀለል አድርገሽ ሻከር አድርጊያቸው፣ የቤቱን ውስጥ ጥረጊ። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። ዘይት ካገኘሽበት ግን መጥረግ ብቻ አይበቃም። የሚያፈስ የዘይት መከላከያ ጎማ አለ ማለት ነው፣ እሱ ይቀየራል።

ቫሪየተሩን ከፍተሽ ሳለ ሮለሮቹን አንድ በአንድ አውጪ። ክብ መሆን አለባቸው። ያረጀ ሮለር አንድ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋ ሮለር በደንብ አይንከባለልም፣ መንገዱ ላይ ይቆማል፣ ስኩተሯም «ከዚህ በላይ አልሄድም» ትላለች። ቺንጊያውንም እዪው፤ ስንጥቅ ካለው ወይም ስፋቱ በመመሪያው ከተጻፈው ልክ ካነሰ ይቀየር። የቀጠነ ቺንጊያ እላይ ድረስ አይወጣም። ሰዎች ሞተሩን ሲወቅሱ ጥፋቱ የቺንጊያው ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንግዲህ ጤናዋ ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው የጉልበት ለውጥሽ ሮለሮቹ ይሁኑ። ርካሽ ነው፣ ካልወደድሽው ትመልሺዋለሽ፣ ብዙ ያስተምርሻል። ቀለል ያሉ ሮለሮች ስታስገቢ ቺንጊያው ዘግይቶ ይወጣል፤ ሞተሩ ጉልበት ባለበት ከፍተኛ ዙር ላይ ይቆያል። ስትነሺ ቀልጠፍ ትላለች፣ ዳገት ላይ አትሰንፍም። በምላሹ ጩኸቷና ቤንዚኗ ይጨምራል። ከበድ ያሉ ስታስገቢ ዙሩ ዝቅ ይላል፣ ጸጥ ትላለች፣ ሜዳ ላይ ደስ ትላለች፣ ዳገቱ ግን ያታክታታል። በጣም ካቀለልሽው ደግሞ ቺንጊያው እስከ ጫፍ አይደርስም፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። 50 ሲሲ ላይ የግማሽ ግራም ልዩነት እንኳ ይታወቃል። መካከለኛ ክብደት ከፈለግሽ ሦስት ቀላልና ሦስት ከባድ አንድ እየዘለልሽ አስቀምጪ፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ።

ሙከራውን በሥርዓት አድርጊው። አንድ ዳገት ምረጪ። ሁልጊዜ ያንኑ ዳገት፣ ከዚያው ቦታ ተነስተሽ፣ ሞተሩ ሞቆ እያለ ውጪው። ጫፍ ላይ ስትደርሺ ፍጥነቷ ስንት ነበር? ደብተር ላይ ጻፊ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪና እንደገና ሞክሪ። ሮለርና ሞላ በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው፣ የትኛው እንደጎዳው አያውቅም። እኔ የምሠራባቸው ደብተሮች ዛሬም አሉኝ፤ ዘይት የነካቸው ገጾች ናቸው፣ አልጥላቸውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሮለሮቹን ግሪስ አትቀቢያቸው፣ መመሪያው ካላዘዘ በስተቀር። ግሪሱ ቺንጊያው ላይ ከደረሰ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ደግሞ የቫሪየተሩ ዳዶ ነው። የሚጠብቅበት ልክ መመሪያው ላይ አለ፣ በዚያው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቅ። በእጅ ግምት ታስሮ የላላ ዳዶ የሞተሩን ዘንግ ጥርስ ይበላዋል። ያኔ ሙሉ ሞተር ይከፈታል። እንዲህ የተበላ ዘንግ ይዛ የመጣች ልጅ ነበረች። ስኩተሯን በጣም ነበር የምትወዳት። ጥፋቱ የአንድ ዳዶ መሆኑን ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን አይረሳኝም። አንቺ ላይ እንዳይደርስ ነው።

ትልቅ ሲሊንደር ስለመግጠም ሳታስቢ አትቀሪም። ሞተሯን ከሥር እዪ፤ ቁጥር ተቀርጾበታል። 139 ብሎ የሚጀምር ከሆነ፣ ያ በብዙ ትንንሽ ስኩተሮች ላይ ያለው ዓይነት ነው። 1 አንድ ሲሊንደር ማለት ነው፣ 39 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ 41.4 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ያ 49.5 ሲሲ አካባቢ ይሆናል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ስትገጥሚበት ወደ 81 ሲሲ ይደርሳል። ከ60 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ያማልላል። ግን ፍሬኑ ያው ነው። ቸርኬው፣ የመንገዱን ንዝረት የሚውጠው አሞርዛተር፣ ማቀዝቀዣው ያው ነው። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው የካርቡራተሩ ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ፣ አብሮ ካልተቀየረ ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተን ይይዛል። የእኔ ምክር በመጀመሪያው ዓመት አትንኪው ነው። ዋናው ፍላጎትሽ ፍጥነት ከሆነ ባለ 125 ግዢ። እሷ ከመጀመሪያውም ለዚያ ፍጥነት ተሠርታለች።

ሕጉም አለ። በአውሮፓ ኅብረት የዚህ መደብ ስኩተር በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር እንዲበልጥ አይፈቀድለትም። በጃፓን ለ50 ሲሲ መደብ ገደቡ 30 ነው። ለዚህ ሲባል ፋብሪካዎች ቫሪየተሩ ውስጥ ቀለበት ያስገባሉ፣ ወይም ሞተሩ ከተወሰነ ዙር ሲያልፍ የካንዴላውን እሳት ይቆርጣሉ፣ ወይም ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ መውጫውን፣ ያጠባሉ። ያንን ስታነሺ ስኩተሯ በሕግ ዓይን ሌላ ተሽከርካሪ ልትሆን ትችላለች። መንጃ ፈቃድሽና ኢንሹራንስሽ ላይሸፍኗት ይችላሉ። አደጋ ሲደርስ ማንም አያዝንልሽም። ከመንካትሽ በፊት በምትነጂበት አገር ያለውን ሕግ ጠይቂ።

ማርሚታ በአንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ጩኸት ጉልበት አይደለም። ክፍት ማርሚታና ክፍት የአየር ፊልትሮ ያለ ጂግለር ለውጥ ሞተሩን በአየር ብዛት ያቃጥሉታል። ካንዴላው ይነጣል፤ ያኔ አቁሚ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን፤ ሰውነትሽ የሚነካቸው ነገሮች። መቀመጫ፣ የመሪ መያዣ፣ የፍሬን እጄታ፣ ስፖኪዮ። ከሞተሩ ይልቅ ስኩተሯን ያንቺ የሚያደርጓት እነዚህ ናቸው። መቀመጫው ተቀዷል ብለሻል፤ እሰየው፣ ሰበብ አገኘሽ። አውጪውና ገልብጪው፤ ሽፋኑ በስቴፕል ተይዟል። ንቀይው። ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ተጫኚው። ውኃ ከጠጣ ወይም ከተኛ ቀይሪው። ቁመቱን አሁን መወሰን ትችያለሽ። አጭር ከሆንሽና እግርሽ መሬት በደንብ የማይደርስ ከሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀንሺ፣ በተለይ ከፊት ጠርዙ በኩል፤ እግርሽ ወደ ጎን ሳይገፋ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ። ወደ ፊት የምትንሸራተቺ ከሆነ ከፊት በኩል ትንሽ ከፍ አድርጊው። አሮጌው ሽፋን ለአዲሱ ልክ ነው፤ ስፌቱን ፈትተሽ ጨርቁ ላይ ዘርጊና ቅረጪ። በመጨረሻ መቀመጫውን ገጥመሽ ስትቀመጪ ለሌላ ለማንም ሳይሆን ላንቺ ወገብ የተለካ ነው። በፋብሪካ የተሠራ ማንም መቀመጫ ይህንን አይሰጥሽም።

ለቀለሙ ቸኩለሽ አትግቢ። ሽፋኖቹን ስታወልቂ ካርቶን ላይ የስኩተሯን ቅርጽ ሳዪና እያንዳንዱን ቡሎን ከወጣበት ቦታ ላይ ስኪው፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙ ያለቦታው ከገባ ፕላስቲኩን ይበሳል። የሽፋኑን ውስጥ ብታዪ የፕላስቲኩ ዓይነት በላቲን ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። ኤቢኤስ (ABS) ከሆነ ቀለም ይቀበላል። ፒፒ (PP) ከሆነ አስቀድሞ ለፕላስቲክ የሚሆን ማጣበቂያ ፕራይመር ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ቀለሙ በወር ውስጥ እንደ ቅርፊት ይላጣል። በሳሙና እጠቢ፣ በ400 ከዚያ በ600 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ፈግፍጊ፣ ቅባቱን በአልኮል ጥረጊ፣ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅሽ አትንኪው። ስስ አድርገሽ ደጋግመሽ ንፊ። አንዴ አወፍራለሁ ያለ ሰው የሚንጠባጠብ ቀለም ነው የሚያተርፈው። ከደረቀ በኋላም ሳትቸኩይ ጥቂት ቀናት ተዪው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው።

ሽፋኗን አውልቀሽ እንደ ዙመር ባዶ ልታደርጊያት ብታስቢ ይቻላል። አንድ ነገር ግን እንዳትነኪ። ሲሊንደሩን የከበበው ጥቁር ፕላስቲክ ጌጥ አይደለም። ያንቺ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፋኑ የሚነፍሰውን አየር ወደ ሲሊንደሩ የሚመራው እሱ ነው። ካወለቅሽው ሞተሩ በትኩሳት ይሞታል።

የኋላ አሞርዛተር ስትቀይሪ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርዝመት ለኪ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ አትራቂ። ዝቅ ስታደርጊያት መቆሚያዋ መሬት ይፈገፍጋል። ከፍ ስታደርጊያት መሪዋ ቀልጠፍ ይላል፣ ከልክ ሲያልፍ ግን ይረበሻል። ከኋላ የዕቃ ሳጥን ከገጠምሽም ከባዱን ዕቃ እዚያ አትጫኚ። ሳጥኑ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ስለሚወድቅ የፊት ጎማውን ያቀለዋል።

ኤሌክትሪኩ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ድሮ የፊት መብራት አምፖል አውጥቼ ኤልኢዲ ገጠምኩ። ሲነሳ ብልጭ ድርግም አለ፣ በሦስተኛው ቀን ተቃጠለ። በኋላ ነው የገባኝ። በብዙ ትንንሽ ስኩተሮች ላይ የፊት መብራቱ ከባትሪው አይደለም የሚበራው። ሞተሩ ከሚያመነጨው ተለዋዋጭ ጅረት ላይ ነው። ኤልኢዲው የተሠራው ለባትሪ ጅረት ነበር። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት እዪ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት የፊት መብራቱ ካልበራና ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከበራ፣ እንዲሁም ቤንዚን ስትሰጪ ከደመቀ፣ ያንቺም እንደዚያ ነው። ቮልት መለኪያ ግዢ። ጤናማ ባትሪ አርፎ ሳለ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ዙር ሲጨምር ወደ 14 ይጠጋል፤ ካልተጠጋ ቻርጅ አታደርግም። የስልክ ቻርጀር ስትገጥሚ ገመዱን ቁልፍ ሲዘጋ ከሚጠፋው መስመር ላይ ውሰጂ። ፊውዝም ይኑረው። መጋጠሚያውን በሊድ በይጂውና በሙቀት በሚሸበሸብ ላስቲክ ዝጊ። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ገመድ ከንዝረቱ የተነሳ ይፈታል።

ሄልሜትና ጓንት ከጎማው እኩል ይገዙ። የሄልሜቱ ውስጥ ወይም ማሰሪያው ላይ የታወቀ የደረጃ ምልክት ይኑር፤ የአውሮፓው አዲሱ 22.06 ይባላል። ስትለብሺው ጉንጭሽን ያዝ ማድረግ አለበት። ወድቆ የተመታ ሄልሜት አትልበሺ።

ያወለቅሽውን ማንኛውንም ዕቃ አትጣዪ። አሮጌው ሮለር፣ የቀድሞው ስፖኪዮ፣ የፋብሪካው ጂግለር፣ ሁሉንም በአንድ ካርቶን አስቀምጪ። የቀየርሽው ካላስደሰተሽ መመለሻ መንገድሽ እሱ ነው።

በዚህ ሳምንት ሽፋኑን ከፍተሽ ሦስት ነገር አይተሽ ጻፊልኝ። የሮለሮቹን ክብደት በግራም፣ የቺንጊያውን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የካንዴላውን ጫፍ ቀለም። ፍሪሲዮኑ ውስጥ ዘይት ካለም ንገሪኝ። ከዚያ ስለ ዳገቷ እንነጋገራለን።